ያልተቀረቀረው ሽጉጥ፦ ስለ ማካሮቭ ንድፍ የቀረበ ንግግር



ማካሮቭ የሚለውን ስም ያልሰማ አዋቂ ሰው በአገራችን ማግኘት ይከብዳል። በፖሊስ መግለጫ ይነበባል፣ ጡረታ የወጡ መኮንኖች ሲጫወቱ ይነሣል፣ በፊልሞቻችንም ይታያል። ስሙ ግን ከሰው የመጣ መሆኑን፣ ያ ሰው ምን እንዲሠራ ተጠይቆ ምን ሠርቶ እንዳቀረበ የሚናገር እምብዛም አይገኝም። ስለዚህ ሽጉጡ ሲወደስ «አይነክስም፣ አይከዳም» ይባላል፣ ሲነቀፍ ደግሞ «ጉልበት የለውም» ይባላልና ክርክሩ እዚያው ላይ ይቀራል።

እኔ ሁለቱም ወገኖች ልክ ናቸው ባይ ነኝ። ከዚህም አልፌ፣ የሚያወድሱትና የሚነቅፉት ነገር ምንጩ አንድ መሆኑን ላሳያችሁ እፈልጋለሁ። ማካሮቭን ማካሮቭ ያደረገው አንድ የምህንድስና ውሳኔ ነው። ጥንካሬውም፣ ቀላልነቱም፣ ድካሙም፣ ማርጀቱም ከዚያ ውሳኔ ይቀዳሉ።

ነገሩ የሚጀምረው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ነው። የሶቪየት ጦር በእጁ የነበረው ዋነኛ ሽጉጥ ፊዮዶር ቶካሬቭ የነደፈው፣ እ.ኤ.አ. በ1930 ተቀባይነት አግኝቶ በ1933 የተሻሻለው ቲቲ ነበር። ቲቲ ጉልበተኛ ነው። 7.62 ሚሊሜትር የሆነችው ትንሽ እርሳሱ በሰከንድ ከ400 ሜትር በላይ ትምዘገዘጋለች። ጦርነቱ ግን ሌላ ሌላ ጉድለቱን አወጣው። በእጅ የሚዘጋ የደኅንነት ቁልፍ የለውም። ጥይት ጎርሶ በማኅደር መያዝ ያስፈራል፤ ሳይጎርስ ከተያዘ ደግሞ ባለቤቱ በጭንቅ ሰዓት በሁለት እጁ አጉርሶ መተኮስ ይኖርበታል። ካዝናው ሳይታሰብ ወልቆ ይወድቃል። ለመኮንን ወገብ ረዥም ነው፣ ለታንከኛ ጠባብ መቀመጫም አይመችም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ጦርነቱ ያስተማረው ትልቅ ቁም ነገር አለ። ምሽግ ለምሽግ፣ ቤት ለቤት በተደረገው ውጊያ ሥራውን የሠራው እንደ ፒፒሻ ያለው አውቶማቲክ መሣሪያ ነው። ሽጉጥ መኮንኑ፣ ሾፌሩ፣ አብራሪው፣ ፖሊሱ ዘወትር ይዞት የሚዞረው፣ ምናልባትም በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ የሚመዘው የመጨረሻ መከላከያ ሆነ። እንዲህ ያለ መሣሪያ ከጉልበቱ ይልቅ ቀላልነቱ፣ ለባለቤቱ አደገኛ አለመሆኑና በተመዘዘ ጊዜ አለመክሸፉ ይበልጣል። ጦሩ የአዲሱን ሽጉጥ ውድድር የከፈተው ይህን ይዞ ነው።

ኒኮላይ ፊዮዶሮቪች ማካሮቭ በዚያን ጊዜ ገና የ31 ዓመት ወጣት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1914 ከባቡር ሠራተኛ ቤተሰብ ተወለደ፣ በቱላ ከተማ ሜካኒክስ ተማረ፣ በጦርነቱ ዘመን ፒፒሻ በሚመረትበት ፋብሪካ በመሐንዲስነት ሠራ። የፋብሪካው ልምድ ትልቅ ስንቅ ሆኖታል ብዬ አምናለሁ። ወረቀት ላይ የሚያምር ነገር በማምረቻው መስመር ላይ ምን ያህል እንደሚያስቸግር፣ አንዲት ትርፍ ሞላ ስንት ሰዓት እንደምትበላ በዓይኑ አይቷል። በውድድሩ ላይ ከእሱ እጅግ የታወቁ አንጋፋ ንድፍ አውጪዎች ነበሩ። ማካሮቭ ያሸነፋቸው በሥራ ነው። ራሱ በኋላ እንደተናገረው ከማለዳ እስከ እኩለ ሌሊት ማዶ እየሠራ፣ ናሙናውን ከተፎካካሪዎቹ እጥፍና ከዚያም በላይ ደጋግሞ እየተኮሰ፣ የሚሰበረውን እየለወጠ አጠራው። ሽጉጡ እ.ኤ.አ. በ1951 በይፋ የጦሩ መሣሪያ ሆነ።

ማካሮቭ ከባዶ አልተነሣም። ጀርመናዊው የዋልተር ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1929 ያወጣው ፒፒ የተባለው የፖሊስ ሽጉጥ አባቱ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው ዝምድናውን ለመካድ አይችልም። አንዳንዶች ይህን ይዘው «የተኮረጀ ነው» ብለው ያጣጥሉታል። እኔ አልስማማም። የሽጉጡን ሆድ ከፍቶ ያየ ሰው ማካሮቭ ከዋልተር ሐሳቡን ወስዶ አሠራሩን ግን እንደ አዲስ እንዳሰበው ይረዳል። እንዴት እንደሆነ ጥቂት ቆይቼ አሳያችኋለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ውሳኔ እንግባ።

ጥይት ሲተኮስ ባሩዱ ተቃጥሎ ወደ ጋዝ ይለወጣል። ጋዙ እርሳሱን ወደፊት ሲገፋ በዚያው ኃይል ቀለሁን ወደኋላ ይገፋዋል። እርሳሱ አፈሙዙን ሳይለቅ ቀለሁ ከመጉረሻው ቢወጣ፣ የጋለው ጋዝ በተኳሹ ፊት ላይ ይፈነዳል። ስለዚህ ማንኛውም በራሱ የሚያጎርስ ሽጉጥ ግፊቱ እስኪበርድ ድረስ የኋላውን ደጅ ይዞ የሚያቆይ ዘዴ ያስፈልገዋል። አሜሪካዊው ጆን ብራውኒንግ እ.ኤ.አ. ለ1911ዱ ኮልት የተጠቀመበት ዘዴ መቀርቀር ነው። አፈሙዙና ላዩን የሚሸፍነው ተንሸራታች ክፍል በጥርስ ተያይዘው አብረው ጥቂት ወደኋላ ይሄዳሉ፤ ከዚያ አፈሙዙ ዝቅ ብሎ ይላቀቃል። ቲቲም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው።

ማካሮቭ መቀርቀሪያውን ተወው። በሩን አልቀረቀረውም፤ ከባድ ሰው ከኋላ ቆሞ በትከሻው እንደሚደግፈው በር አደረገው። የሚደግፈው ነገር የተንሸራታቹ ክፍል ክብደትና አፈሙዙን የከበበው የሞላ ጉልበት ብቻ ነው። ጋዙ ከመጀመሪያዋ ቅጽበት ጀምሮ ይገፋዋል፣ እሱ ግን በክብደቱ ምክንያት ለመነሣት ይዘገያል፤ በዚያች መዘግየት ውስጥ እርሳሱ ወጥቶ ያልፋል።

ይህ መንገድ ጥብቅ ወሰን አለው። ጥይቱ በበረታ ቁጥር ተንሸራታቹ መክበድ፣ ሞላውም መጠንከር አለበት። ከተወሰነ ልክ ካለፈ ሽጉጡ ለወገብ የማይመች ይሆናል፣ ለማጉረስም ብርቱ ክንድ ይጠይቃል። ስለዚህ አስቀድሞ የተመጠነ ጥይት ያስፈልግ ነበር። ቦሪስ ሴሚን የተባለው ባለሙያ 18 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው ቀለህ የያዘውን 9 ሚሊሜትር ጥይት አዘጋጀ። ክብደቱ 6 ግራም ያህል የሆነ እርሳስ በሰከንድ 315 ሜትር ይተኩሳል። ጉልበቱ 300 ጁል ገደማ ነው። ያለ መቀርቀሪያ ሽጉጡን ቀላልና ምቹ አድርጎ ለማቆየት ከዚህ ብዙ ማለፍ አይቻልም ነበር።

ከዚህ ውሳኔ የተገኘውን በረከት ተመልከቱ።

አፈሙዙ መንቀሳቀስ ስለማያስፈልገው ከገላው ጋር ተጣብቆ ተቀመጠ። የማይወዛወዝ አፈሙዝ እርሳሱን ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ይልካል፤ ማካሮቭ አጭር ሆኖ ሳለ በጥሩ ተኳሽ እጅ ትክክለኛ የሚሆነው ለዚህ ነው። የሚቆለፍና የሚላቀቅ ጥርስ ስለሌለ የሚያልቅ፣ የሚሰበርና በአቧራ የሚያዝ ክፍልም የለም። ርዝመቱ 161 ሚሊሜትር፣ ባዶ ክብደቱ 730 ግራም ነው። ለማጽዳት ሲፈለግ፣ ባዶ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ፣ የምላጩ መከለያ ቀለበት ወደታች ይሳባል፣ ተንሸራታቹ ወደኋላ ተጎትቶ ከኋላው ከፍ ይደረጋል፣ ከዚያ ወደፊት ይወጣል። መፍቻ አያስፈልግም፣ የሚጠፋ ትንሽ ብሎንም የለም።

የኒኮላይ ማካሮቭ የራሱ ጥበብ የተገለጠው ግን በእጀታው ውስጥ ነው። እዚያ ከብረት ዝርግ የተሠራች አንዲት ሞላ አለች። አንዱ ቅርንጫፏ መዶሻውን ይገፋል። ሌላው ቀጭን ቅርንጫፏ ምላጩን ከመዶሻው የሚያገናኘውን ዘንግ ይመልሳል። የታችኛው ጫፏ ደግሞ ታጥፎ ካዝናውን የሚይዝ ቁልፍ ሆኗል። በሌሎች ሽጉጦች ውስጥ ሦስትና አራት የተለያዩ ክፍሎች የሚሠሩትን አንዲት ቁራጭ ብረት ትሠራዋለች። ጥይት ሲያልቅ ተንሸራታቹን ከፍቶ የሚያቆየው ክፍልም እንዲሁ የተተኮሰውን ቀለህ ወደ ውጭ የሚወረውር ሁለተኛ ሥራ አለው። ዋልተር ፒፒ እንዲህ አልነበረም፤ ብዙ ጥቃቅን ክፍሎችና ጥቃቅን ሞላዎች ነበሩት። «ተኮረጀ» ለሚሉት መልሴ ይህች ሞላ ናት። ማካሮቭ ከወሰደው ነገር ላይ መቀነስን ያውቅ ነበር፣ በእኔ ዕይታ ደግሞ ለመሐንዲስ ከመጨመር ይልቅ መቀነስ ይከብዳል።

ሁለተኛው በረከት አያያዙ ነው። ጥይት ጎርሶ፣ መዶሻው ወርዶ፣ የደኅንነት ቁልፉ ተዘግቶ በማኅደር ይቀመጣል። ሲያስፈልግ አውራ ጣት ቁልፉን ወደታች ይገፋል፣ ምላጩ ረዘም ብሎ ሲሳብ መዶሻውን ራሱ አንሥቶ ይተኩሳል። ከዚያ በኋላ ያለው ተኩስ አጭርና ቀላል ነው። ቁልፉ ወደላይ ሲመለስ የተነሣውን መዶሻ መርፌውን ሳያስነካ ያወርደዋል። በዋልተር ሽጉጥ ላይ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር፤ ወደታች ዝግ፣ ወደላይ ክፍት። ማካሮቭ አቅጣጫውን የለወጠው አውራ ጣት በድንጋጤ ጊዜ ወደታች መግፋት ስለሚቀናው ይመስለኛል። ቲቲን ይዞ ለኖረ መኮንን ይህ ታላቅ እፎይታ ነበር።

እስካሁን ያልኩትን የሰማ ሰው ሽጉጡ እንከን የለሽ ይመስለው ይሆናል። አይደለም።

ዋናው ጉድለቱ ጉልበት ነው። ምዕራባውያን የሚጠቀሙበት፣ ቀለሁ 19 ሚሊሜትር የሆነው ሌላው 9 ሚሊሜትር ጥይት 500 ጁል ገደማ ይደርሳል፤ ማካሮቭ 300 ነው። ወታደሮች ጥይት መከላከያ ሰደርያ መልበስ ከጀመሩ ወዲህ ልዩነቱ የሞትና የሕይወት ሆነ። ካዝናው የሚይዘው 8 ጥይት ብቻ ነው። ለጊዜው በቂ ይመስል ነበር እንዳይባል፣ በቤልጂየም የተሠራው ብራውኒንግ ሃይ ፓወር እ.ኤ.አ. ከ1935 ጀምሮ 13 ይይዝ ነበር። ካዝናው የሚለቀቀው ከእጀታው ታች በመሆኑ ለመለወጥ ሁለተኛ እጅ ይጠይቃል። ሳይታሰብ አይወድቅም፣ በፍጥነትም አይለወጥም። ማነጣጠሪያው ትንሽና የማይስተካከል ነው፤ መጽሐፉ ውጤታማ ርቀቱን 50 ሜትር ቢለውም ብዙው ሰው በግማሹ ርቀት ላይ እንኳ ይቸገራል። የመጀመሪያው ምላጭ አሳሳብ ከባድ ስለሆነ ያልሠለጠነ እጅ አፈሙዙን ያዛንፈዋል።

ብዙ ሰው የሚገርመው ደግሞ ርግጫው ነው። ጥይቱ ደካማ ሆኖ ሳለ ሽጉጡ እጅ ላይ ሹል ሆኖ ይሰማል። ምክንያቱ ያው ያልተቀረቀረው በር ነው፤ ተንሸራታቹ ኃይሉን የሚያካፍለው ነገር ሳይኖር ወዲያው ወደኋላ ይወረወርና ከገላው ጋር ይጋጫል።

ሶቪየቶች ድካሙን ማየት አልተሳናቸውም። በዚያው በ1951 ስቴችኪን የተባለውን፣ 20 ጥይት የሚይዘውንና ሳያቋርጥ የሚተኩሰውን ትልቅ ሽጉጥ በዚሁ ጥይት አስገብተው ነበር፤ አንድ ኪሎ ያህል ስለሚመዝን ማንም በደስታ አልተሸከመውም። እ.ኤ.አ. በ1990 አካባቢ ፒኤምኤም የተባለ የተሻሻለ ማካሮቭ መጣ። 12 ጥይት ይይዛል፣ ባሩዱ የበረታ ጥይትም ተዘጋጀለት። ግን ጥይቱ ሲበረታ በሩ ቶሎ ተከፈተ። ለመድኃኒቱ በመጉረሻው ግድግዳ ላይ ጠመዝማዛ ቦዮች ተቆፈሩ፤ ቀለሁ በግፊት ጊዜ በቦዮቹ ውስጥ አብጦ እንዲይዝና እንዲዘገይ ነው። ብርቱው ጥይት በድሮው ማካሮቭ ውስጥ ቢገባ ሽጉጡን ሊጎዳ ስለሚችል ተከለከለ። እንግዲህ መቀርቀሪያ የሌለውን በር በሌላ ብልሃት ለመቀርቀር ሲታገሉ ነበር ማለት ነው። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ2003 ሩሲያ ያሪጊን የተባለውን ሽጉጥ በይፋ ስታስገባ፣ ጥይቱ ባለ 19 ሚሊሜትሩ፣ አሠራሩም የሚቀረቀረው ሆነ። ብራውኒንግ በትክክል ወዳየው መንገድ ተመለሱ። ማካሮቭም ቢሆን በብዙ ፖሊሶችና መኮንኖች ወገብ ላይ መቆየቱ አልቀረም።

ይህ ታሪክ ወደ እኛ የሚመጣው በጦር ሠራዊታችን በኩል ነው። ቃኘው ሻለቃዎች በኮሪያ በአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር ሥር በተዋጉበት ዘመንና እ.ኤ.አ. በ1953 ከአሜሪካ ጋር የመከላከያ ስምምነት ከተፈረመ በኋላ፣ ሠራዊታችን በአሜሪካ መሣሪያ የተደራጀ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1977 በኋላ ደግሞ በሶቪየት መሣሪያ ተተካ። ይህ ለውጥ ከታንክና ከአውሮፕላን አንሥቶ መኮንኑ ወገቡ ላይ እስከሚታጠቀው ሽጉጥ ደርሷል። በሁለቱ ዘመናት የነበሩ ሰዎች ኮልትንና ማካሮቭን ሲያነጻጽሩ መስማት የተለመደ ነው። ኮልት 1.1 ኪሎ ይመዝናል፣ 15 ግራም የሚጠጋ ትልቅ እርሳስ ይተኩሳል፣ 7 ጥይት ይይዛል፤ ለመተኮስ ግን አስቀድሞ መዶሻው መነሣት አለበት። ማካሮቭ በክብደትም በመጠንም በጣም ያንሳል። ለውጊያ የትኛውን ትመርጣለህ ብባል ኮልትን እላለሁ። ዓመቱን ሙሉ ታጥቆ ለሚውልና አንድም ጊዜ ላይተኩስ ለሚችል ሰው ግን ማካሮቭ በእርግጥ ይሻላል፤ የተሠራውም ለእሱ ነው። ቡልጋሪያ በካዛንላክ፣ ምሥራቅ ጀርመን በዙል፣ ቻይናም ዓይነት 59 ብላ ያመረቱት ይህን ስላዩ ይመስለኛል።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ሁለቱም «9 ሚሊሜትር» ስለሚባሉ የማካሮቭንና ባለ 19 ሚሊሜትር ቀለሁን ጥይት አንድ አድርጎ የሚያይ ሰው አለ። አንድ አይደሉም። የማካሮቭ እርሳስ ስፋት 9.27 ሚሊሜትር ሲሆን የሌላው ከ9 ሚሊሜትር እምብዛም አያልፍም፤ የቀለሁ ርዝመትም ይለያያል። አንዱን ለአንዱ ለመጠቀም መሞከር አደጋ ነው።

እንግዲህ ፍርዴን ልስጥ። ማካሮቭ በሃያኛው ክፍለ ዘመን ከተሠሩት ሽጉጦች ሁሉ በአነስተኛ ብረት ብዙ ሥራ ከሠሩት አንዱ ነው፤ ሠሪውም ከሱ በኋላ አፋናሲየቭ ከተባለው ንድፍ አውጪ ጋር ኤኤም-23 የተባለውን የአውሮፕላን መድፍ ሠርቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1974 የሶሻሊስት ሥራ ጀግና ተብሎ የተሸለመ፣ ክብሩ የሚገባው መሐንዲስ ነው። የዛሬ ወታደር መሣሪያ ግን አይደለም። የሚያሻሽለው ሁሉ ሊያልፈው ያልቻለው ግድግዳ ሠሪው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ አውቆ፣ መዝኖ፣ ወዶ የተቀበለው ነው።

የቀረኝ የቤት ጉዳይ ነው፤ ከሁሉ የሚያሳስበኝም እሱ ነው። «ማካሮቭ ቁልፍ አለው፣ አያሰጋም» የሚለው አነጋገር ብዙ ሰው አዘናግቷል። ሦስት ነገር ልብ በሉልኝ። ካዝናው ወጥቶም ቢሆን በመጉረሻው ውስጥ የቀረች ጥይት ምላጩ ከተሳበ ትተኮሳለች፤ ይህን የሚከለክል ዘዴ በንድፉ ውስጥ የለም። ቁልፉ ሲዘጋ ተንሸራታቹንም ይቆልፈዋል፤ ስለዚህ መጉረሻውን ለማየትና ጥይቱን ለማውጣት ቁልፉን መክፈት ግድ ነው፣ ማለትም ሽጉጡ ባዶ የሚደረገው ለመተኮስ በተዘጋጀበት ሁኔታ ላይ ነው። የጥይቱን መቀስቀሻ የሚመታው መርፌ ደግሞ የሚይዘው ሞላ ስለሌለው በነፃነት ወደፊትና ወደኋላ ይንቀሳቀሳል፤ የጎረሰ ሽጉጥ ከከፍታ በአፈሙዙ ቢወድቅ ሊተኩስ ይችላል።

በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ አውጥታችሁ ሽጉጥ በቤታችሁ የምታስቀምጡ ወገኖቼ፣ እባካችሁ ይህን አድርጉ። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ አዙሩ፣ ጣታችሁን ከምላጩ አርቁ። መጀመሪያ ካዝናውን አውጡ፣ ከዚያ ቁልፉን ከፍታችሁ ተንሸራታቹን ወደኋላ ሳቡ፣ መጉረሻውን በዓይናችሁ እዩ፣ በጣታችሁ ዳስሱ። ጥይቱን ከሽጉጡ ለይታችሁ ሁለቱንም ለየብቻ ቆልፉ። ትራስ ሥር፣ ቁም ሣጥን ላይ፣ መኪና ውስጥ አታስቀምጡ። ልጆቻችሁ ያለበትን ቦታ አያውቁም ብላችሁም አትተማመኑ።